ለዓመቱ ንባብ ድርሻ መቁረጥ፦ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን

በመስከረም ሰሞን «ዘንድሮ 52 መጽሐፍ አነባለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ለሳምንት አንድ መሆኑ ነው፤ ለጆሮም ደስ ይላል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ መጽሐፍ 200 ገጽ ነው ብንል በጠቅላላው 10,400 ገጽ ይመጣል። በሰዓት 30 ገጽ ለሚያነብ ሰው ይህ ወደ 347 ሰዓት ገደማ ነው። አንድም ቀን ሳይታለፍ በየዕለቱ 57 ደቂቃ ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ለቅሶ የለም፣ ሠርግ የለም፣ ጉንፋን የለም፣ መብራት አይጠፋም፣ እንግዳ አይመጣም። እንዲህ ያለው ዕቅድ ኅዳር ሳይጋመስ የሚቀረው አንባቢው ሰንፎ አይደለም፤ ቁጥሩ ሲወጣ ኑሮው ስላልተጠየቀ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጡ ማንበብ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዳዊት የሚደግሙ እናቶችና አባቶች 150ውን መዝሙር በሳምንቱ ቀናት ከፋፍለው ይዘውታል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150ኛው ላይ ይደርሳል፤ እሑድ የራሱ ክፍል አለው። ቁርኣን 30 ጁዝ ማለትም ክፍል ነው፤ በረመዳን በየቀኑ አንድ ጁዝ እየቀራ ወሩ ሲያልቅ የሚያኸትም፣ ማለትም ሙሉውን የሚጨርስ ሰው በየሰፈሩ አለ። በሁለቱም ዘንድ አስቀድሞ የተቆረጠው የዕለቱ ድርሻ ነው፤ ፍጻሜው ድርሻውን ተከትሎ ይመጣል። የዓመት የንባብ ዕቅድም እንዲጸና ከተፈለገ በዚሁ አኳኋን ከዕለቱ ድርሻ ተነሥቶ ወደ ዓመቱ ቢወጣ ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ነው።

አስቀድመው ፍጥነትዎን ይለኩ

መጽሐፍ ከመምረጥዎ በፊት በ20 ደቂቃ ስንት ገጽ እንደሚያነቡ ይወቁ። መካከለኛ መጠን ያለው የአማርኛ ልብ ወለድ ይያዙ። ስልክዎን ሌላ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡና ሰዓቱን በእጅ ወይም በግድግዳ ሰዓት ይከታተሉ። በተለመደው አነባበብዎ ያንብቡ፤ ስለሚለኩ ብለው አይሩጡ። 20 ደቂቃው ሲሞላ ገጹን ቆጥረው ይጻፉ። ይህንኑ በሦስት የተለያዩ ቀናት ይድገሙት፤ የሚለኩትም ወደፊት ለማንበብ ባሰቡበት ሰዓት ይሁን። ከሥራ መልስ የደከመ ዓይንና እሑድ ረፋድ ላይ ያለ ዓይን እኩል አያነቡም። ለዕቅድ የሚያስተማምነው የደከመው ቀን ልክ ነው።

አንዲት አንባቢ በሦስቱ ቀናት 9፣ 11 እና 10 ገጽ አነበበች እንበል። ልኳ በ20 ደቂቃ 10 ገጽ ነው። ይህን ቁጥር እስከ መጨረሻው ይዘነው እንሄዳለን።

በሁለት ቋንቋ የሚያነብ ሰው ሁለት ልክ ይያዝ። በሥራው ምክንያት እንግሊዝኛ የሚያነብ ብዙ ሰው በአማርኛ ከሚያነበው ፍጥነት የተለየ ፍጥነት አለው፤ አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ የሚያነብም እንዲሁ። ግርጌ ማስታወሻ የበዛበት የታሪክ መጽሐፍ ከልብ ወለድ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚነበበው። ግጥምን ግን በገጽ ባይለኩት እመርጣለሁ፤ አንድ ገጽ ግጥም አንድ ምሽት ሊወስድ ይገባዋል።

በመጽሐፍ ብዛት ምትክ ገጽ መቁጠር ለምን አስፈለገ ለሚል ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለውና በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ መቶ ገጽ አይሞላም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው። በመጽሐፍ ብዛት ከተቆጠረ ሁለቱም «አንድ» ናቸው። እንዲህ የሚቆጥር ሰው ሳያውቀው ቀጫጭን መጽሐፍ መፈለግ ይጀምራል፤ ትልቁ መጽሐፍም ከመደርደሪያው ሳይወርድ ዓመቱ ያልፋል። በገጽ ሲቆጠር ግን ትልቁ መጽሐፍ የሚያስፈራበት ምክንያት የለም።

ደቂቃውን ከነባር ልማድ ጋር ያያይዙ

«ጊዜ ሳገኝ አነባለሁ» የሚል ዕቅድ አይጸናም። ጊዜ ራሱን አያቀርብም። ስለዚህ በየቀኑ ሳይቀር ከሚያደርጉት አንድ ነገር ቀጥሎ ንባብዎን ያስቀምጡ፦ ጠዋት ቡና ጠጥተው ከመነሣትዎ በፊት፣ ምሳ በልተው ወደ ሥራ እስኪመለሱ፣ ወይም ልጆች ከተኙ በኋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ። አንዱን ይምረጡ። ሁለተኛ ሰዓት በመጠባበቂያነት ቢይዙ ጥሩ ነው፤ ሦስተኛ ግን አያስፈልግም።

አልጋ ላይ ማንበብ የሚወዱ ሰዎች እንቅልፍ ቶሎ የሚጥላቸው ከሆነ ድርሻቸውን ወንበር ላይ ጨርሰው ቢተኙ ይሻላል። በመኪና ውስጥ ሲያነቡ የሚያጥወለውላቸው ደግሞ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ሲጠብቁ በሰልፍ ላይ ያንብቡ፤ ከተሳፈሩ በኋላ ማዳመጥ ይችላሉ። በአዲስ አበባ የማታ ሰልፍ ላይ 20 ደቂቃ መቆም ብርቅ አይደለም። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር በቻርጅ የሚሠራ ትንሽ መብራት ከመጽሐፉ አጠገብ ይቀመጥ፤ ሻማ ፍለጋ ከተነሡ በዚያው ቀርተዋል።

ስለ ቀናቱ ያለኝ ምክር ጠንካራ ነው፦ በሳምንት ለአምስት ቀን ብቻ ያቅዱ። ሰባቱን ቀን የሚይዝ ዕቅድ በመጀመሪያው ማኅበር፣ በመጀመሪያው ዕድር፣ በመጀመሪያው የታመመ ልጅ ይሰበራል። ሁለቱ ነጻ ቀናት የትኞቹ እንደሆኑ አስቀድሞ መወሰን አያስፈልግም፤ ሳምንቱ ራሱ ይነግርዎታል። በወር 20 የንባብ ቀን ይያዙ።

አሁን የአንባቢያችንን ሒሳብ እንጨርስ። በቀን 10 ገጽ፣ በወር 20 ቀን፣ 200 ገጽ ይሆናል። በ12 ወር 2,400 ይመጣል። ከዚህ ላይ የሁለት ወር ያህል ማለትም 400 ገጽ ለማይታወቀው ነገር ይነሣ። ዕቅዷ 2,000 ገጽ ነው፤ እያንዳንዳቸው 200 ገጽ የሆኑ አሥር መጻሕፍት፣ ወይም አንድ በጣም ትልቅና ሰባት መካከለኛ። በቀን 30 ደቂቃ ማንበብ የምትችል ብትሆን ኖሮ በዚያው አካሄድ 3,000 ገጽ ይሆንላት ነበር። በቀን 20 ደቂቃ ብቻ ያላት ሰው በዓመት 2,000 ገጽ ማንበቧ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ትንሽ ነው ቢላት አትስማ።

ዓመቱን በወር በወሩ ይሸንሽኑ

ብዙ ዕቅድ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። 2,000ውን ለ12 አካፍሎ በየወሩ እኩል መመደብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ወሮቻችን እኩል አይደሉም። ቁጭ ብለው የራስዎን ዓመት ያስቡት።

መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የደብተርና የዩኒፎርም ወር ነው፤ ዕንቁጣጣሽና መስቀልም አሉበት። ጥቅምትና ኅዳር ይረጋጋሉ፤ ምሽቱ ይበርዳል፣ ሰውም በጊዜ ቤቱ ይገባል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ገና አለ። ጥር ጥምቀትና ሠርግ ነው፤ ዘመድ የበዛበት ሰው በጥር ቅዳሜና እሑዱ የእሱ አይደለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉም ድግሱም ጸጥ ይላል፤ የካቲትና መጋቢት ለአብዛኛው ቤት ሰፊ የንባብ ጊዜ ናቸው። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ሳምንቱ በሙሉ ወደ ገበያና ወደ ማድ ቤት ይሄዳል። ግንቦትና ሰኔ የተማሪና የአስተማሪ ፈተና ናቸው። ሰኔ 30 በጀት ስለሚዘጋ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ለሚሠራ ሰው ሰኔ ባይታቀድበት ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው፤ ትምህርት ተዘግቷል፣ ዝናቡም ሰውን ቤት ያውላል። ከዓመቱ ሁሉ ለረጅም መጽሐፍ የሚመቸው ይህ ጊዜ ነው።

ረመዳን የሚጾም ሰው ሽንሸናውን የሚጀምረው ከረመዳን ነው። ወሩ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚገባ የአምናውን ዕቅድ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ያንን ወር ለቁርኣን ይተዉትና የቀሩትን ወሮች ያካፍሉ።

የአንባቢያችን 2,000 ገጽ እንዲህ ሊወጣ ይችላል፦ መስከረም 100፣ ጥቅምት 200፣ ኅዳር 200፣ ታኅሣሥ 150፣ ጥር 100፣ የካቲት 200፣ መጋቢት 250፣ ሚያዝያ 150፣ ግንቦት 150፣ ሰኔ 50፣ ሐምሌ 250፣ ነሐሴ 200። ጳጉሜን ባዶ ትቀመጣለች፤ ምክንያቱን በኋላ እመለስበታለሁ። በዚህ ክፍፍል በሰኔ 50 ገጽ ያነበበ ሰው ዕቅዱን ሞልቷል። ይህን ማወቅ ብቻውን ያበረታል።

መጻሕፍቱን ሦስት ሦስት አድርገው ይያዙ

የዓመቱን መጻሕፍት በሙሉ በመስከረም መዘርዘር አያስፈልግም። በመስከረም የፈለጉትን መጽሐፍ በሚያዝያ ላይፈልጉት ይችላሉ፤ ዝርዝሩም ግዴታ ይሆንብዎታል። ሁልጊዜ ሦስት መጽሐፍ እጅዎ ላይ ይኑር፦ የሚያነቡት፣ ቀጣዩ፣ እና ከሁለቱ ጠባይ የተለየ አንድ። የሚያነቡት ከባድ የታሪክ መጽሐፍ ከሆነ ሦስተኛው አጫጭር ልብ ወለድ ይሁን። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይተካል። ሁለት መጽሐፍ በሚለዋወጡበት ጊዜ የሚፈጠረው ክፍተት ብዙ አንባቢ የሚጠፋበት ስፍራ ነው፤ «የሚቀጥለውን ልፈልግ» እያለ ሁለት ሳምንት ያልፋል። ቀጣዩ መጽሐፍ ቤት ውስጥ ካለ ይህ አይደርስም።

የመጽሐፍ ዋጋ ስለጨመረ ሁሉንም መግዛት አይታሰብም። ግማሹን በውሰት፣ በኪራይ ወይም በቤተ መጻሕፍት ማግኘት ይቻላል። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቤት ውስጥ ጸጥታ ለማያገኝ ሰው ጥሩ የንባብ ስፍራ ነው። ከገበያ የጠፋ የቆየ መጽሐፍ ሲፈልጉ ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወደ ወመዘክር ይሂዱ፤ በአገር ውስጥ የሚታተሙ መጻሕፍት ቅጂ በሕግ ተሰብስቦ የሚቀመጠው እዚያ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ጋር ደንበኛ መሆንም ይጠቅማል፤ የሚፈልጉትን ነግረዋቸው ቢሄዱ አፈላልገው ያቆዩልዎታል። የተዋሱትን መጽሐፍ ባለቤትና የተዋሱበትን ቀን በደብተርዎ ይጻፉ፤ ያዋሱትንም እንዲሁ።

በውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋቸዋል። የአማርኛ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሳቸው በመንገደኛ ሻንጣ ነው። ስለዚህ ሦስት ከመያዝ ስድስት መያዝ ይሻላቸዋል፤ የሚመጣ ዘመድ ካለ ዝርዝሩን ከወር በፊት ይላኩለት። ሌላው ችግራቸው ሁለት ዘመን መቁጠር ነው። ጉድሪድስን የመሰሉ የንባብ መመዝገቢያዎች ዓመታቸው በጃንዋሪ ይጀምራል። ከዚያ ጋር መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፤ የወር ሽንሸናውን ግን በሚኖሩበት አገር የሥራና የበዓል ወቅት ያስተካክሉት። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው የንባብ ሰዓቱ ከሥራ መልስ ጠዋት ቢሆን የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ደብተር ይክፈቱ

የስልክ መተግበሪያ ላይ መመዝገብ ይቻላል፤ እኔ ግን የወረቀት ደብተር እመርጣለሁ። ስልኩን ለመመዝገብ የከፈተ ሰው መልእክት አይቶ ሳይመልስ አይዘጋውም። 50 ሉክ ያለው ተራ ደብተር ለዓመቱ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ወር ሁለት ገጽ ይስጡ። በግራው ገጽ ራስጌ ላይ የወሩን ስምና የወሩን ድርሻ ይጻፉ፦ «ኅዳር፣ 200»። ከሥሩ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ቀን፣ መጽሐፍ፣ ከገጽ እስከ ገጽ፣ የወሩ ድምር። አንድ መስመር እንዲህ ይሆናል፦ «ኅዳር 4፣ የጉዞ ማስታወሻው፣ ከ61 እስከ 71፣ 32»። መጻፉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

የቀኙ ገጽ የበለጠ ዋጋ አለው። አንብበው ባቆሙ ቁጥር እዚያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ማጠቃለያ አይደለም፤ በዚያ ቀን ልብዎ ላይ የቀረ አንድ ነገር ነው፦ አንድ ሰው የተናገረው፣ ያልገባዎት ነገር፣ ያላመኑበት ሐሳብ። «ገበሬው ዳኛውን የጠየቀው ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰም» የሚል መስመር በማግሥቱ መጽሐፉን ለመክፈት ጥሩ ምክንያት ይሆናል። መጽሐፉ ሲያልቅ እነዚህን መስመሮች ከላይ እስከ ታች ያንብቧቸውና ግማሽ ገጽ የራስዎን ሐሳብ ይጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ «ያንን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ፣ ግን ስለ ምን ነበር?» ከማለት የሚያድነው ይህ ግማሽ ገጽ ነው። ያልገባዎትን ቃልም ከዚሁ ገጽ ግርጌ ይጻፉና መዝገበ ቃላቱን ቅዳሜ ወይም እሑድ ይክፈቱ። በየቃሉ እየቆሙ መፈለግ ንባቡን ይሰብራል።

የሚደመጥ መጽሐፍ ይቆጠራል ወይ? ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ መጽሐፉን በጆሮው ያወቀው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ያንን ማንበብ አይደለም ብሎ መናቅ አይገባም። ነገር ግን ከገጹ ጋር አይደባልቁት። በደቂቃ ለብቻው ይመዝገብ፤ አለበለዚያ ዓይንዎ ምን ያህል እንደሠራ አያውቁም። ዓይናቸው ለደከመ ወላጅ ጮክ ብለው የሚያነቡት ግን ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። እንዲያውም ከቡና በኋላ እናቱን አስቀምጦ አሥር ገጽ የሚያነብላት ልጅ ዕለታዊ ድርሻውን የሚያስታውስ ሰው ቤቱ ውስጥ አገኘ ማለት ነው። እሱ ቢረሳ እሷ አትረሳም፤ «ከዚያስ ልጁ ምን ሆነ?» ትለዋለች።

ሲስተጓጎል

ይስተጓጎላል። አስቀድሞ ደንቡን መወሰን ነው የሚሻለው።

ያመለጠው ቀን አይከፈልም። ሰኞና ማክሰኞ ሳያነቡ ቀርተው ረቡዕ ሠላሳ ገጽ ለማንበብ አይቀመጡ፤ የረቡዕ ድርሻ አሥር ነው። ዕዳ ሲጠራቀም መጽሐፉን ማየት ራሱ ይከብዳል፤ ሰው ደግሞ ከአበዳሪው ይሸሻል። የወሩ ድምር ቢጎድልም እንደ ጎደለ ይጻፍ፤ በቀጣዩ ወር ላይ አይደመር።

መጽሐፉ ካልያዘዎት 40 ገጽ ድረስ ዕድል ይስጡትና ይተዉት። የተነበቡት 40 ገጾች ይቆጠራሉ፤ አንብበዋቸዋልና። ላለመተው ብቻ በየቀኑ ሁለት ገጽ እየተጎተቱ ሁለት ወር መክረም ለመጽሐፉም ለእርስዎም አይበጅም። በደብተሩ ላይ ለምን እንደተዉት አንድ መስመር ይጻፉ፤ ከዓመታት በኋላ ሊመለሱበት ይችላሉ።

በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ኅዳር 30፣ የካቲት 30 እና ግንቦት 30፣ ቁጭ ብለው ድምሩን ይዩ። በምሳሌያችን ክፍፍል በእነዚህ ቀናት 500፣ 950 እና 1,500 ላይ መድረስ ይጠበቃል። ኅዳር 30 ላይ 350 ሆኖ ከተገኘ የጎደለውን 150 ወደፊት አይግፉ፤ ምክንያቱን ይፈልጉ። የደብተሩ ገጾች ይነግሩዎታል። ብዙ ቀን ባዶ ከሆነ ሰዓቱ አልተስማማዎትም፤ ከማታ ወደ ጠዋት ይለውጡት። ቀኖቹ ተሞልተው ገጹ ካነሰ መጽሐፉ ከልብ ወለዱ ልክ የከበደ ነው፤ ለእሱ አዲስ ልክ ያውጡለት። ሁለቱም ካልሆነ ኑሮው ተለውጧል ማለት ነው፦ ልጅ ተወልዷል፣ ሥራ ተቀይሯል፣ የታመመ አለ። ያን ጊዜ የዓመቱን ቁጥር ያለማመንታት ይቀንሱ። 1,200 ገጽ ብሎ 1,200 ማንበብ፣ 2,000 ብሎ በታኅሣሥ ከመተው እጅግ ይሻላል።

አንድ የንባብ ጓደኛ ቢኖር ይረዳል። ተመሳሳይ መጽሐፍ ማንበብ የለባችሁም። በሳምንት አንድ ቀን «የት ደረስሽ?» የሚል ሰው ይበቃል። ብዙ አባላት ያሉት ቡድን ለጨዋታው ጥሩ ቢሆንም የእያንዳንዱን ድርሻ የሚጠይቅ ስለማይገኝ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ሰው ይመረጣል።

ጳጉሜን

ጳጉሜን ባዶ የተተወችው ለሒሳብ ነው። አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት፣ ከዓመቱ ማብቂያና ከአዲሱ ዓመት ግርግር መካከል ያለች ጠባብ ጊዜ ናት። አዲስ መጽሐፍ አይጀምሩባት፤ ነሐሴ ላይ የተጀመረው ካላለቀ ግን ይጨርሱባት።

ደብተሩን ከመስከረም ጀምሮ ይግለጡት። የዓመቱን ገጽ ደምረው ይጻፉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ወር ከታቀደው የበለጠውንና ያነሰውን ምልክት ያድርጉበት። ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆነው ሽንሸና ከዚህ ይወጣል፤ ሰኔ 50 ተብሎ 140 ከተነበበበት፣ መጋቢት 250 ተብሎ 90 ብቻ ከሆነ፣ የእርስዎ ዓመት ከምሳሌው የተለየ ነው፤ አዲሱ ክፍፍል ያንን ይከተል። የንባብ ፍጥነትዎንም በጳጉሜን 1፣ 2 እና 3 እንደገና ይለኩ። ዓመቱን ሙሉ ያነበበ ዓይን ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ባይጨምርም ምንም አይደለም።

በጳጉሜን 4 የቀኝ ገጾቹን ያንብቡ። ከዓመቱ መጻሕፍት ውስጥ ደግመው ሊያነቡት የሚፈልጉትን አንዱን ይምረጡና በአዲሱ ዕቅድ ውስጥ ያስገቡት። የደገሙት መጽሐፍ ገጽ እንደ አዲስ ይቆጠራል። የተዋሱትን መጽሐፍ ለባለቤቱ ይመልሱ።

በመጨረሻው ቀን አዲሱን ደብተር ያስምሩ፣ የመስከረምን ድርሻ ራስጌው ላይ ይጻፉ፣ ሦስቱን መጻሕፍት ከደብተሩ አጠገብ ያስቀምጡ። በበዓሉ ቀን ለማንበብ አይጨነቁ፤ የመጀመሪያው መስመር መስከረም 3 ወይም 4 ላይ ቢጻፍ ይደርሳል።